የጥንቸል ፀጉር ለምን ይረግፋል? ብርሃን፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ በአንዲት ለማዳ እንስሳ ገላ ላይ

በቤታቸው ጥንቸል የሚያሳድጉ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያነሡ እንሰማለን። ትናንት ደህና የነበረችው እንስሳ ዛሬ ሲዳስሷት ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይነሣል፤ ምንጣፉም፣ ልብሱም፣ አየሩም ሳይቀር በፀጉር ይሞላል። ታማ ይሆን? ገላዋን ብናጥባትስ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ «አልታመመችም» የሚል ነው። ማጠቡ ግን ሕይወቷን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የፀጉርን መርገፍ ምክንያት፣ አደጋውንና ተገቢውን እንክብካቤ ከፊዚክስና ከሥነ ሕይወት አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን።

ወቅቱን የሚናገረው ብርሃን

ለማዳ ጥንቸል የተገኘችው ስፔንና ፖርቱጋል ከሚገኙበት ከኢቤሪያ ልሳነ ምድር የዱር ጥንቸል ነው። ብርዳማውና ሞቃቱ ወቅት በግልጽ በሚለያዩበት ምድር የሚኖር እንስሳ ለብርዱ ወፍራም፣ ለሙቀቱ ስስ ልብስ ያስፈልገዋል። ልብሱን የሚቀይርበትን ጊዜ የሚያውቀው ግን በዋነኛነት ከቀኑ ርዝመት ነው። የአየር ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ሊዋዥቅ ይችላል፤ የቀኑ ርዝመት ግን የምድርን ዛቢያ ማዘንበል ተከትሎ ስለሚለዋወጥ አያሳስትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይን የተቀበለው ብርሃን በአንጎል በኩል ፒንያል ለተባለች ትንሽ ዕጢ መልእክት ያደርሳል። ዕጢዋ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን የምታመነጨው በጨለማ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒን የሚመነጭበት ጊዜም ይረዝማል፤ ሲያጥር ያጥራል። ይህም ለውጥ ፕሮላክቲንን በመሳሰሉ ሌሎች ሆርሞኖች በኩል እስከ ፀጉር ሥር ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ዕድገታቸውን ጨርሰው በዕረፍት ላይ የነበሩ ብዙ የፀጉር ሥሮች በአንድነት ሥራ ይጀምራሉ፤ አዲሱ ፀጉር ሲበቅል አሮጌው ይረግፋል።

እዚህ ላይ የኬክሮስን ነገር ማንሣት ይገባል። በርሊን ላይ አጭሩ ቀን ከ8 ሰዓት ያነሰ፣ ረጅሙ ደግሞ ወደ 17 ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ ልዩነቱ 9 ሰዓት ያህል ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በአውሮፓ የምትኖር ጥንቸል በፀደይና በመኸር ጉልህ የፀጉር ለውጥ ታሳያለች። በእኛ አገር ግን የብርሃኑ ምልክት ደካማ ነው። ጥንቸሏ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መብራት በሚበራበት ሳሎን የምትኖር ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ይብሱን ይደበዝዛል። ስለዚህ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ እንስሳዋን ራሷን መከታተል ይሻላል።

ውኃ ለምን ጠላት ይሆናል?

ፀጉር ገላን የሚያሞቀው በራሱ ሳይሆን በመካከሉ አምቆ በሚይዘው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። የአየር ሙቀት አስተላላፊነት በሜትር በኬልቪን 0.025 ዋት ያህል ሲሆን የውኃ 0.6 ያህል ነው፤ ማለትም ውኃ ከአየር 24 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። ፀጉሩ ሲርስ አየሩ ወጥቶ ውኃ ይተካል፤ ካባው ካባ መሆኑ ይቀራል።

ከዚህ የከፋው ግን ትነቱ ነው። ባለ 2 ኪሎ ግራም ጥንቸል ታጥባ 100 ግራም ውኃ ፀጉሯ ውስጥ ቀረ እንበል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በገላ ሙቀት አካባቢ ለመትነን 2,400 ኪሎጁል ያህል ስለሚፈልግ 100 ግራሙ 240 ኪሎጁል ይፈልጋል። ይህን የሚያህል እንስሳ በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያመነጨው ሙቀት 6 ዋት ያህል ነው። 240,000 ጁል ለ6 ዋት ሲካፈል 40,000 ሴኮንድ፣ ማለትም 11 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እርግጥ ከፊሉን ሙቀት የሚሰጠው በዙሪያዋ ያለው አየር ነው። ቢሆንም ስሌቱ የአደጋውን መጠን በሚገባ ያሳያል። በዚህ ላይ መታጠቡ የሚፈጥረው ድንጋጤ ሲጨመር ጥንቸልን ውኃ ውስጥ መንከር ፈጽሞ የማይመከርበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ማበጠርና ኤሌክትሪክ

የረገፈውን ፀጉር የማስወገጃው መንገድ ማበጠር ነው። ይሁን እንጂ ደረቅ ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሲታሽ በሰበቃ ምክንያት ኤሌክትሮኖች ከፀጉሩ ወደ ማበጠሪያው ይሸጋገራሉ። ፀጉሩ አዎንታዊ ሙል ይይዛል፤ ተመሳሳይ ሙሎች ስለሚገፋፉም ይበተናል፤ ከዚያም በልብስና በግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይህ ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መዳፍን በጥቂቱ አርጥቦ ፀጉሩን በበቀለበት አቅጣጫ መዳበስ ይበቃል። ስሱ እርጥበት ሙሉ እንዲፈስስ መንገድ ይከፍታል፤ የውኃው የገጽ ውጥረትም የላላውን ፀጉር አንድ ላይ ይሰበስበዋል። እርጥበቱ ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ ቀደም ሲል ያነሣነው አደጋ የለበትም። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ማበጠር ነው። የጥንቸል ቆዳ ስስ ስለሆነ ያልላላ ፀጉር መንጨት አይገባም። ስትያዝም የኋላ እግሮቿ ይደገፉ፤ በድንጋጤ ስትፈራገጥ የጀርባ አጥንቷ ሊሰበር ይችላልና።

ትልቁ አደጋ በሆድ ውስጥ ነው

ጥንቸል ራሷን የምታጸዳው በምላሷ ስለሆነ ብዙ ፀጉር ትውጣለች፤ የዋጠችውን ደግሞ ማስመለስ አትችልም። ቀደም ሲል ችግሩ በጨጓራ ውስጥ የሚጠራቀም የፀጉር ድብልብል ነው ይባል ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን በጨጓራዋ ውስጥ ጥቂት ፀጉር መገኘቱ የተለመደ ነው። ዋናው ችግር የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴ መዳከም ሲሆን፣ ለዚህም የአሰር ማነስ፣ የውኃ ጥም፣ ሕመምና ጭንቀት ምክንያት ይሆናሉ።

ስለሆነም ከብሩሹ የሚበልጠው መከላከያ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ወይም ሣር የምግቧ ዋነኛ ክፍል ሊሆን፣ ንጹሕ ውኃም ዘወትር ሊቀርብላት ይገባል። የአናናስ ጭማቂ ፀጉሩን ያሟሟል የሚለው አባባል ግን አያስኬድም። ፀጉር የተሠራበት ኬራቲን በሰልፈር አተሞች ትስስር የተጠናከረ ፕሮቲን ስለሆነ የአናናሱ ኢንዛይም አይፈታውም፤ ጭማቂው ስኳር ብቻ ይጨምርላታል።

ጥንቸሏ መብላት ካቆመች፣ በጠጧ ካነሰ ወይም ከደቀቀ፣ ወይም ተኮራምታ ከተቀመጠች ሳይዘገይ የእንስሳት ሐኪም ሊያያት ይገባል። ግማሽ ቀን ያህል ሳትበላ መቆየቷ እንኳ የሕይወት አደጋ ነው።

መርገፍ ሁሉ አንድ አይደለም

በወቅታዊው ለውጥ ከአሮጌው ፀጉር ሥር አዲሱ ብቅ ብሎ ይታያል። ራቁቱን የቀረ ቆዳ፣ ቅርፊት፣ ፎረፎር ወይም ማሳከክ ከታየ ግን ቅንቅን ወይም ጭርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይመርምራት። ለውሻ የሚሸጥ ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ ነው፤ በግምት መድኃኒት ማድረግ አይገባም። እንስቷ የሆዷን ፀጉር እየነጨች ጎጆ የምትሠራ ከሆነም የመውለጃዋ ጊዜ ደርሶ ወይም ሐሰተኛ እርግዝና ይዟት ሊሆን ይችላል።

ከምንጣፍ ላይ የምናነሣት አንዲት ፀጉር የምድርን ማዘንበል፣ የሙቀትን ፍሰትና የኤሌክትሪክን ሕግ በአንድነት ታስታውሰናለች። እነዚህን ሕጎች የተረዳ ተማሪም የውኃ ገንዳውን ትቶ ድርቆሹንና ለስላሳውን ብሩሽ ያነሣል።