መኪና ከቆመበት ነፋሻ ተራራ በእግር ለመውጣት ስለሚያስፈልግ ዝግጅት

የቀድሞ አባቶች አገራቸውን ቆላ፤ ወይና ደጋ፤ ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ ከሁሉ በላይ ያለውን ውርጭ ብለው ሰየሙት። ጥንት ሰው ወደዚያ የሚወጣው በበቅሎና በእግር፤ ቀን እየቈጠረ ነበር። ዛሬ ግን በመኪና ተቀምጦ በጥቂት ሰዓት ይደርሳል፤ ገላው ከፍታውን ሳይለምድ ድንገት ከነፋስ መካከል ይቆማል። ስለዚህ ተማሪዎቹን ተራራ ለማሳየት ያሰበ መምህር ዝግጅቱን ከትምህርት ቤቱ ሳይወጣ ሊፈጽም ይገባዋል፤ ከቦታው ከደረሱ በኋላ የጐደለውን ልብስ የሚሸጥ የለምና።

ለምሳሌ የስሜንን ተራራ እንውሰድ። ከደባርቅ የሚነሣው መንገድ በሳንቃ በር አልፎ ጨነቅ ይደርሳል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,620 ሜትር ያህል ነው፤ ከርሱ በላይ ያለው የቧሂት ራስ 4,430 ሜትር ይሆናል። ጎንደር 2,100 ሜትር ያህል ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳልና፤ በጎንደር 22 ዲግሪ በሆነበት ቀትር በቧሂት ራስ 7 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህም ነፋሱ ሳይቈጠር ነው።

ነፋስ ብርድን የሚያበዛበት ምክንያት እንዲህ ነው። የሰው ገላ በዙሪያው ያለውን አየር ጥቂት አሙቆ እንደ ስስ ልብስ ይለብሰዋል፤ ነፋስ ግን ይህን ልብስ ሳያቋርጥ ይገፈዋል። 5 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቦታ ነፋስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፤ የተገለጠ ፊት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ የሆነ ያህል ይበርደዋል። በሸንተረርና በተራራ በር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ወንዝ ከጠባብ ሸለቆ ሲገባ እንደሚፈጥን አየርም በጠባቡ ሲጨመቅ ይፈጥናልና። ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ልጆች ከገደሉ አፋፍ ርቀው እንዲሄዱ ማድረግ ግድ ነው።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብንናገር ሽማግሎች ቅር አይበላቸው። ጋቢ ደረቅ ሳለ የተመሰገነ ነው፤ ጥጥ ግን ውሃ ከጠጣ በኋላ የገላን ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይጠብቅም። ከበግ ጠጕር የተሠራ በርኖስ ወይም ሹራብ ቢርስም እንኳ ጥቂት ያሞቃል። ከላዩ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ ይደረባል፤ ቆብና የእጅ ጓንትም አይቀሩም። ሽቅብ ሲወጡ ላብ እንዳያርሳቸው አንዱን ልብስ ያውልቁ፤ ለዕረፍት ሲቆሙ ብርዱ ሳይሰማቸው መልሰው ይልበሱ። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል።

ሰዓትን ስለ መገመት፤ የእስኮትላንድ ሰው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ዓመት (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) የጻፈው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይኸውም ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፤ ዳግመኛም ለ600 ሜትር ሽቅብ 1 ሰዓት መጨመር ነው። ከጨነቅ እስከ ቧሂት ራስ 810 ሜትር ሽቅብ ስለ ሆነ፤ ለሽቅቡ ብቻ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጨመራል። ይህ ግን ለብርቱ ጐልማሳ ነው። በቧሂት ራስ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ ለልጆች ከግምቱ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይያዝላቸው። የጉባኤው እርምጃ በደካማው ልጅ እርምጃ ይለካ።

ጧት በ12 ሰዓት ተኩል የተነሡ እንደ ሆነ፤ የትም ይድረሱ የት በ6 ሰዓት ይመለሱ። ከቀትር በኋላ ጉም ከቆላው ሽቅብ ወጥቶ መንገዱን ይሸፍናል፤ መብረቅም በሸንተረር ላይ ያለውን ሰው ይፈልጋል። የመመለሻውን ሰዓት መምህሩ ገና በደባርቅ ሳሉ በሁሉ ፊት ይናገር፤ ራሱ ሲታይ ልብ ይሳሳታልና፤ ያን ጊዜ መወሰን ይከብዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ስለሚበዛ ጉዞው ለበጋ ይሁን፤ በበጋ ግን ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል።

ከወይና ደጋ የመጡ ልጆች በመጀመሪያው ሌሊት በሳንቃ በር፤ በ3,250 ሜትር ቢያድሩ ይሻላል። ራሱን ያመመው፤ ያቅለሸለሸው ልጅ ካለ ሽቅብ አይቀጥል። ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ካቃተው፤ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይውረድ፤ ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለውም። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ቍልፉን መቈለፍ ካቃተው፤ ከነፋስ ከልለው፤ እርጥቡን አውልቀው፤ በደረቅ ልብስ ጠቅልለው ትኩስ ሻይ በስኳር ያጠጡት። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ቢቆም የባሰ ምልክት ነው። አረቄ ያሞቃል የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው፤ ደምን ወደ ቆዳ ጠርቶ የውስጡን ሙቀት ለነፋስ ይሰጣልና።

የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰዎች አስቀድሞ መጠየቅ፤ በደባርቅ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድና ጠባቂ መቀበል ያስፈልጋል። የተማሪዎቹ ስምና የመመለሻቸው ሰዓት በሁለት ወረቀት ተጽፎ አንዱ ከዚያው፤ ሁለተኛው በጨነቅ ከሾፌሩ ዘንድ ይቀመጥ። መኪናውም ሁሉም ወርደው በስማቸው እስኪጠሩ ድረስ ከቦታው አይነሣ።