ስለ አገር የአየር ሒሳብ፤ የሚወጣውና የሚመለሰው እንዴት እንደሚቈጠር

በመቀሌ ከተማ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ስፍራ፥ በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ምሽጉ በድንጋይ የጸና፥ መድፉም የሚያስፈራ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠጣው ውሃ ከቅጥሩ ውጭ ነበረና፥ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ በተያዘ ጊዜ ምሽጉን ለቅቆ ለመውጣት ተገደደ። ከዚህ የምንማረው፥ ሰው የሚታየውን ኀይሉን ብቻ ቈጥሮ ጕድለቱን ሳይቈጥር ቢቀር ሒሳቡ እንደሚያሳስተው ነው። ዛሬ በእንዳ ኢየሱስ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይገኛል። እኛም በዚህ ጽሑፍ በዐይን ስለማይታይ ነገር ሒሳብ እንናገራለን።

ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍነው ሙቀትን ይዘው የሚያስቀሩ አየሮች አሉ። ከነዚህም ዋኖቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ናቸው። ጋቢው በልክ ሲሆን ሕይወትን ይጠብቃል፤ እየወፈረ ሲሄድ ግን ምድር ትሞቃለች፥ የዝናቡም ሥርዓት ይዛባል። ስለዚህ መንግሥታት፥ እያንዳንዱ አገር የሚያወጣውንና መልሶ የሚያስቀረውን እየቈጠረ ያስታውቅ ዘንድ ውል አደረጉ። ኢትዮጵያም ይህን ውል በ1986 ዓ.ም. አጸደቀች።

ሒሳቡ በአራት ክፍል ይከፈላል። አንደኛው ኀይል ነው፤ ይኸውም ነዳጅ በመኪና፥ በፋብሪካና በቤት ሲቃጠል የሚወጣው ነው። ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ሥራ ነው፤ በመቀሌ እንዳለው እንደ መሰቦ ባለ የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል፥ ከማገዶው ጢስ ሌላ ከድንጋዩ ከራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሦስተኛው እርሻ፥ ደንና የመሬት አያያዝ ነው። አራተኛው ቆሻሻ ነው፤ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣልና። አንድ ነገርም ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠር መጠንቀቅ ይገባል። ስለዚህ የማገዶ እንጨት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛፉ በተቈረጠበት በደን ክፍል ይገባል እንጂ በኀይል ክፍል ድምር አይገባም።

አቈጣጠሩስ እንዴት ነው? በየከብቱ አፍ ሚዛን አይደረግም፤ የነገሩ ብዛት አንዱ በሚያወጣው መጠን ይባዛል እንጂ። ለምሳሌ በአንድ መንደር 200 በሬና ወይፈን አሉ እንበል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፥ በአፍሪካ ከወተት ላሞች በቀር አንድ ከብት ሲያመሰኳ በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን እንደሚያወጣ ይገምታል። 200 በ31 ሲባዛ 6,200 ኪሎ፥ ማለት 6.2 ቶን ይሆናል። ሚቴንም በመቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃልና፥ 6.2 በ28 ተባዝቶ የመንደሩ ሒሳብ 173.6 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይሆናል።

የሚመለሰውም እንዲሁ ይቈጠራል። ዛፍ ሲያድግ ካርቦንን ከአየር ወስዶ በግንዱ፥ በሥሩና በአፈሩ ያኖራል። ቈጣሪዎች የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለው ይለኩና የደረቀውን እንጨት ክብደት ይገምታሉ፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ቶን ካርቦን በእንጨት ውስጥ ቢቀመጥ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ተወሰደ ማለት ነው። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶችም፥ ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተራራ አፈር ከጎኑ ካለው የግጦሽ መሬት ይልቅ ብዙ ካርቦን እንደሚይዝ አሳይተዋል። ዛፉ ተቈርጦ ቢነድ ግን የተቀመጠው ሁሉ ወደ አየር ይመለሳል።

መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ዕቅድ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ2010 የኢትዮጵያ ድምር 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበረ። ከዚህም 65 ሚሊዮን ያህሉ ከከብት፥ 12 ሚሊዮን ያህሉ ከሰብል እርሻ፥ 55 ሚሊዮን ያህሉ ከደን መጥፋትና መመናመን የመጣ ነው። ለመብራት ኀይል፥ ለመኪና፥ ለፋብሪካና ለሕንፃ ሁሉ የቀረው 18 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ የፋብሪካን ጢስ ብቻ የሚቈጥር ሰው የአገራችንን ሒሳብ አብዛኛውን ሳያይ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. በታወቀው አዲስ ሒሳብ ግን የዚያው ዓመት ድምር ወደ 247 ሚሊዮን ቶን ከፍ አለ። ያለፈው ዓመት አየር ተመልሶ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቈጣጠሩ ነው።

ይህም ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። አገር ለዓለም የምትገባው ቃል በዚህ ድምር ላይ ይመሠረታል። ቍጥሩ ከተሳሳተ፥ በሬው እርሻው የሆነው ድኻ ያላጠፋው ሊቈጠርበት፥ ተራራውን ከልሎ የጠበቀው መንደርም ድካሙ ሳይጻፍለት ሊቀር ይችላል። ግብር ይበዛብኛል ብሎ የከብቱን ቍጥር የሚሰውርም የአገሩን ሒሳብ ያበላሻል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ያለውን አንድ ዛፍ በየዓመቱ በዚያው ወር፥ በ1.3 ሜትር ከፍታ በገመድ ለክታችሁ በደብተር ጻፉ። የገመዱ ርዝመት በየዓመቱ ሲጨምር ብታዩ፥ ዛፉ ከአየር የወሰደውን በዐይናችሁ አያችሁ ማለት ነው።