ቤትን በቤት መለዋወጥ፤ በዕድሜ ለገፉ መንገደኞች የሚበጅ የጉዞ ዘዴ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመጋዘን ተዘግቶበት የሚቀመጥ ዕቃ የባለቤቱን ገንዘብ ይዞ ከመተኛት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይኸን ደንብ በንግዳቸው አጥብቀው ሲጠብቁ የኖሩ ብዙ ሰዎች ግን በገዛ ቤታቸው ላይ ይዘነጉታል። ልጆቹ ተድረው ወይም ወደ ውጭ አገር ሄደው፣ ሦስትና አራት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ለሁለት ሰው ብቻ ይቀራል። ባለቤቶቹም ለጉዞ ሲነሡ ቤታቸውን ቆልፈው ይሄዱና በሰው አገር ለእያንዳንዱ ሌሊት የሆቴል ሒሳብ ይከፍላሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በጡረታ ዘመናቸው ዓለምን ለማየት ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ለመጎብኘት አስበው፣ ሒሳቡን ካሰሉ በኋላ ጉዞውን ይተዉታል። የቤት ልውውጥ የሚባለው ዘዴ ከዚህ ወጪ ትልቁን ክፍል የሚያስቀር ስለሆነ፣ አሠራሩን ለአንባብያን መግለጽ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሁለት ልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች ለተወሰነ ቀን አንዱ በሌላው ቤት ሊቀመጡ ይስማማሉ። ኪራይ የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም፤ ቤት በቤት ይለወጣል እንጂ ገንዘብ አይቈጠርም።

ልውውጡ በማኅበር ደረጃ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጀማሪዎቹም የሆላንድና የስዊስ አገር መምህራን ነበሩ። የመምህር ዕረፍቱ ረጅም፣ ደመወዙ ግን መጠነኛ ስለሆነ፣ ዘዴውን መምህራን መጀመራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ የአባላቱ ቤት ዝርዝር በመዝገብ እየታተመ በፖስታ ይላክ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ኤድ ኩሺንስ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ «ሆም ኤክስቼንጅ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ይኸንንም ድርጅት በ2017 ዓ.ም. አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። ዛሬ ዝርዝሩ የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ አባላቱም በየዓመቱ የአባልነት ዋጋ ይከፍላሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ችግር አባቶቻችን በገበያ ያውቁት የነበረ ችግር ነው። ገብስ ያለው ሰው ጨው ይፈልጋል፤ ጨው ያለው ግን የሚፈልገው ገብስ ሳይሆን ቅቤ ይሆናል። እንደዚሁም የአዲስ አበባው ሰው ወደ ሮማ መሄድ ሲሻ፣ የሮማው ሰው የሚመኘው ሊዝቦንን ይሆናል፤ ሁለቱ ቢፈላለጉም ወራቸው ላይገጥም ይችላል። አባቶቻችን ይኸን ችግር በአሞሌ ጨው እንደ ፈቱት ሁሉ፣ የልውውጡ ድርጅቶችም ነጥብ የሚባል መቈጠሪያ አወጡ። አንድ አባል እንግዳ በተቀበለበት ሌሊት ልክ ነጥብ ይመዘገብለታል፤ ያንንም ነጥብ በፈለገው ጊዜ በሦስተኛ ሰው ቤት ለማደር ያውለዋል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን ቤታቸውን መልቀቃቸው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል።

ነጥብ ሳይጨመርበትም ቢሆን፣ ቀጥተኛውን ልውውጥ ከሁሉ ይልቅ የሚችሉት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ልጆች የሚያስተምር ቤተ ሰብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ይጓዛል፤ ሠራተኛም ከተፈቀደለት ዕረፍት አያልፍም። ጡረተኛ ግን ጊዜው የራሱ ነው። የአውሮፓ ከተሞች በጎብኚ ከሚጨናነቁባቸው ከሐምሌና ከነሐሴ ወራት ርቆ በግንቦት ወይም በጥቅምት መሄድ ይችላል፤ በእነዚያም ወራት የአይሮፕላን ቲኬት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ለመቈየትም አይቸኩልም። ለምሳሌ ያህል ቲኬቱ 1,200 ዶላር ቢሆን፣ አሥር ቀን ለሚቀመጥ ሰው የቀኑ ድርሻ 120 ዶላር ይሆናል፤ አርባ ቀን ለሚቀመጥ ግን 30 ዶላር ብቻ ነው። የሆቴል ክፍል ለአንድ ሌሊት 100 ዶላር ነው ብንል ደግሞ፣ ቤት የለወጠ ሰው በሠላሳ ሌሊት 3,000 ዶላር ያተርፋል። በዚህም ላይ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው በምግብ ቤት ከሚቀርብለት ይልቅ ለጤናው የሚስማማውን ራሱ አብስሎ መብላቱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን የሚለወጠው የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሀብት ስለሆነ፣ ከሚከተሉት ጥንቃቄዎች አንዱም ሊዘነጋ አይገባም።

አንደኛ፣ ስለ ቤቱ ጠይቆ መረዳት ነው። ፎቶግራፉ ያማረ ቤት ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። የደረጃውን ብዛት፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሁኔታ፣ የመድኃኒት ቤቱንና የሐኪም ቤቱን ርቀት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድና ኢንሹራንስ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ያለ አከራዩ ፈቃድ ቤቱን ሊለውጥ አይገባውም። የቤት ኢንሹራንስ ያለውም እንግዳ እንደሚገባ ለኩባንያው በጽሑፍ ያስታውቅ፤ መኪናም አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ሌላ ሰው ቢነዳው ውሉ ይሸፍን እንደሆነ ይመርምር።

ሦስተኛ፣ ሕክምናና ቪዛ ነው። የአሜሪካ አረጋውያን መድን የሆነው ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ከኢትዮጵያ ወደ ሸንገን አገሮች ለአጭር ጉብኝት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ማቅረብ አለበት፤ ከ180 ቀንም ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ማረፊያ መገኘቱ ብቻውን ቪዛ አያሰጥምና፣ ቪዛው ሳይገኝ ቲኬት መግዛት አይገባም።

አራተኛ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፣ ስምምነቱ በደብዳቤ መጻፍ አለበት። የመግቢያና የመውጫው ቀን፣ የሰዎቹ ቍጥር፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ከፋይ፣ የተሰበረ ዕቃ እንዴት እንደሚተካ፣ አንዱ ወገን ቢታመምና ቢቀር ምን እንደሚደረግ በዝርዝር ይገለጽ። የከበረ ዕቃና የግል ሰነድ በአንድ ክፍል ተቈልፎ ይቀመጥ።

በአገራችን ከተሞች ደግሞ ደብዳቤው የሚጨምረው አለው። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ከቤቱ ጋር የሚቈዩ ከሆነ፣ ደመወዛቸውን ማን እንደሚከፍልና ለእንግዳው የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ለእነርሱም ሊነገራቸው ይገባል። ውኃ ሲጠፋ የሮቶው አጠቃቀም፣ የመብራቱም ካርድ አሞላል ለእንግዳ ተጽፎ ካልተተወለት ይቸገራል።

የሩቅ አገር ሰው ቤት ማስገባት ለሚከብደው ሰው፣ ከሚያውቀው ወገን ጋር መጀመር ይቀላል። በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን መካከል ለዘመን መለወጫ ወይም ለጥምቀት ወደ አገራቸው መጥተው መሰንበት የሚሹ አሉ፤ እዚህም የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት የሚናፍቁ፣ ነገር ግን በልጃቸው ጠባብ ቤት ለወር መጨናነቅ የማይወዱ አሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች ቢገናኙ፣ ለቲኬት፣ ለምግብና ለኢንሹራንስ ካልሆነ በቀር ለማደሪያ የውጭ ምንዛሪ መፈለግ አያሻቸውም።

የልውውጡ ዋስትና ያለው በራሱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ቤት እንደ መያዣ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ የራሱ እንዲጠበቅለት የሰውን ይጠብቃል። ስለዚህ ለጉዞ ያሰበ ሁሉ ከስድስት ወር በፊት ደብዳቤ መጻጻፍ እንዲጀምር፣ ለመጀመሪያውም ጊዜ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ልውውጥ እንዲሞክረው እናሳስባለን።