ጫጉላ ሞምባሳ፦ የሚያስፈራው የቱ ነው?

እሱ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሷ ሃያ ስድስት። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። የሠርጉን ድግስ ቀነስ አድርገው በተረፈው ገንዘብ ጫጉላቸውን ኬንያ፣ ሞምባሳ ሊያሳልፉ ተስማምተው ነበር። ይህን የሰማው የልጅቷ ታላቅ ወንድም ‹‹እህቴን ቦምብ ወዳለበት አገር አልሰድም!›› ብሎ ቤቱን አመሰው። እናትም መሳል ጀመሩ። አሁን እሷ ‹‹ሶደሬ ይበቃናል›› ትላለች፤ እሱ ደግሞ ‹‹የማገባው አንቺን ነው ወንድምሽን?›› ብሎ አኩርፏል።

መቼም የወንድምየው ፍርሃት ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ናይሮቢ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲጋይ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አልቋል። በ2002 እዚያው ሞምባሳ አጠገብ፣ ኪካምባላ ላይ፣ የቱሪስት ሆቴል ተመትቶ 13 ሰዎች ሞተዋል። በ2013 ዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67፣ በ2015 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገድለዋል። ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ ወንድም ካለ እሱ ነው የሚገርመው።

ግን ጎበዝ፣ አገር ማለት እኮ አንድ ክፍል ቤት አይደለም! ጋሪሳና ማንዴራ ወደ ሶማሊያ ድንበር ናቸው። ሞምባሳ ወደ ደቡብ፣ ባሕሩ ዳር ነው። ሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት አለ ሲባል አርባ ምንጭ ሊሄድ የነበረ ፈረንጅ ቲኬቱን ሲሰርዝ ‹‹ምን ነካው?›› እያልን እንስቅ የለ? ስለዚህ ጥያቄው ‹‹ኬንያ ሰላም ነው ወይ?›› ሳይሆን የት ሰፈር፣ በየትኛው መንገድ፣ በምን ቀን የሚለው ነው። ‹‹ሞምባሳ ከደረስን አይቀር በመኪና ላሙን አይተን እንምጣ›› የሚል ቢኖር፣ መንገዱ ለሶማሊያ ጠረፍ ስለሚቀርብና ጥቃት ደርሶበት ስለሚያውቅ ቢቀርበት ይሻላል ባይ ነኝ። ቀኑም ቢሆን ዋዛ አይደለም። በ2024 ሰኔ 18 ቀን ወጣቶች ናይሮቢ ፓርላማ ድረስ ሲገቡ በጥይት የሞቱ አሉ፤ በዓመቱ በዚያው ቀን በወጡ ሰልፎችም እንደገና ሰው ሞቷል። ሰልፍ ያለ ቀን መሀል ከተማ ምን ይሠራል ሙሽራ?

እንግዲህ ወንድምየው ያላነሳው ነገር አለ። አንደኛው መንገድ ነው። ኬንያ እንግሊዝ የገዛት አገር ስለሆነች መኪና የሚነዳው በግራ ነው። እኛ መንገድ ስንሻገር አንገታችን በልማድ ወደ ግራ ይዞራል። እዚያ ደግሞ ሞት የሚመጣው ከቀኝ ነው! ይህን ለሦስት ቀን ያህል ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ ብትናገሩት አያስነውርም። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ያለ ሄልሜት፣ ሁለት ሆኖ መንጠልጠል ለፎቶ ያምራል፤ ለአጥንት ግን አይሆንም። ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለውን ወደ 480 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሌሊት አውቶቡስ፣ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ከመሄድ፣ በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አለላችሁ። ቀን ቀን ተሳፍራችሁ ዝሆን በመስኮት ብታዩ ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኛ የባሕር ሰዎች አይደለንም። ሶደሬ ገንዳ ወይም ላንጋኖ የዋኘ ሁሉ ዋናተኛ ነኝ ይላል። አንድ የማውቀው ልጅ ዲያኒ ዳርቻ ገብቶ፣ ባሕሩ ወደ ውስጥ ሲስበው በጉልበቱ ወደ ዳር ልዋኝ ብሎ ክንዱ እስኪዝል ታገለ። እግዜር ሲለው የጀልባ ልጆች አዩትና ጎትተው አወጡት። የማያውቀው ነገር ይህ ነበር፤ ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ ሲሄድ በአንድ ጠባብ መስመር ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሻምፒዮን ዋናተኛም ቢሆን ፊት ለፊት አይረታውም። መፍትሔው አለመታገል፣ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ጎን መዋኘትና መስመሩን ካለፉ በኋላ መውጣት ነው። መዋኘት የማይችል ከወገብ በላይ ባይገባስ? ሌላው የባሕሩ መሸሽና መመለስ ነው። ውሃው ሸሽቶ ሜዳ ሲሆን ተጋቢዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሩቅ ይሄዳሉ... ስድስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ሜዳ ከቁመት በላይ ውሃ ሊሆን ይችላል! ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ጠዋት የሆቴሉን ሰዎች ጠይቁ። የእነሱ ሰዓት አቆጣጠር በስዋሂሊ እንደኛው ከንጋት የሚጀምር ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ይሁን በስዋሂሊ አጣሩ።

ስለ ሌባ ብዙ አልልም። ናይሮቢን ‹‹ናይሮበሪ›› ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ስልክ መጎርጎር ‹‹ውሰዱልኝ›› ማለት ነው። የአዲስ አበባን መንታፊ የሚያውቅ ልጅ ምክር አያስፈልገውም። ፓስፖርቱ ሆቴል ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ኮፒው ኪስ ውስጥ ይሁን።

ሦስተኛዋና የምትናቀዋ ወባ ናት። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብዙም አታሰጋም፤ ሞምባሳ ግን ቆላ ናት፣ ወባ አለባት። የአዲስ አበባ ልጅ ደሙ ወባን አይለምድም። መከላከያው ኪኒን ከጉዞ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ የሚቀጥል ነው፤ የቱን እንደምትወስዱ ሐኪም ይንገራችሁ፣ በተለይ ሙሽሪት ያረገዘች ከመሰላት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም ከጉዞው አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ በፊት አይጸናም። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ‹‹ሙቀት ነው›› ብላችሁም አትግለጡት። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ዘግይቶ ቢሆን፣ ትኩሳት ቢይዛችሁ ‹‹ጉንፋን ነው›› ብላችሁ ዝንጅብል እየጠጣችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱና ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ‹‹ሞምባሳ ነበርኩ›› በሉት።