የትምህርት ወንፈል

(የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከመጨረሻው የቀረበውን መልመጃ ሥሩ።)

ገበሬ ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ሥራ ሲደራረብበት ሁለት ዓይነት መላ አለው። አንደኛው ደቦ ነው። በደቦ ባለ ማሳው ደግሶ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እነርሱም ሥራውን በአንድ ቀን አንሥተውለት፣ በልተውና ጠጥተው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ወንፈል ነው። በወንፈል ዋናው ነገር ድግሱ ሳይሆን ተራው ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ቢታረም ነገ የሌላው ይታረማል፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ይህ የቈየ ልማድ ለእርሻ ብቻ ሳይሆን ለትምህርትም ሊያገለግል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ቤተ ሰቦች በወንፈል መንገድ ተባብረው ትምህርቱን እንዴት ሊያዳብሩት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

የቤት ትምህርት ሲባል አንድ ልጅ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ በወላጁ ወይም በተቀጠረ መምህር አማካይነት በመኖሪያ ቤቱ የሚማርበት ዘዴ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራ ከሚያሠራ አስጠኚ ጋር ሊምታታ አይገባም። የቤት ትምህርት የራሱ ጥቅም አለው። ልጁ በራሱ ፍጥነት ይራመዳል፤ ክፍልፋይ የከበደው እንደ ሆነ መምህሩ የሌሎችን ሠላሳና ዐርባ ተማሪዎች ጊዜ ሳይሻማ እስኪገባው ድረስ ይቈይለታል። ሕመም ወይም የወላጅ ሥራ ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውረው ልጅም ትምህርቱን ሳያቋርጥ ሊቀጥል ይችላል።

ይሁን እንጂ በቤት ብቻውን የሚማር ልጅ አንድ ትልቅ ነገር ይጐድለዋል፤ ይኸውም እኩያ ነው። እናቱ የልጁን ሐሳብ ገና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትረዳለታለች። የጎረቤት ልጅ ግን «አልገባኝም፤ እንደገና ንገረኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ ልጁ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገደዳል፤ ሲያስረዳም በትክክል የሚያውቀውንና የሚያውቀው የሚመስለውን ይለያል። ይህን መለያ ሚዛን መጽሐፍም ሆነ የወላጅ ፍቅር ሊተካው አይችልም።

ይህ እውነት በአገራችን ቀድሞም የታወቀ ነበር። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን በ1890ዎቹ ዓ.ም. ለልጃቸው ለተፈሪ የቤት መምህራን መድበው ያስተምሩ ነበር። ከመምህራኑም መካከል አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንና የጓዴሎፕ ተወላጅ የሆኑት ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን ይገኙ ነበር። ሆኖም ልጅ ተፈሪ ለብቻቸው አልተማሩም፤ ዘመዳቸው ልጅ እምሩ ኃይለ ሥላሴ አብረዋቸው አድገው አብረዋቸው ተምረዋል። መምህር በቀላሉ ሊቀጠር በሚችልበት በገዥ ቤት እንኳ የትምህርት ጓደኛ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

የብቻና የጋራ ትምህርት እንዴት እንደሚደጋገፉ ከሁሉ በላይ የሚያሳየን ግን ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ርቆ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። በዚህ ሰዓት የሚያነጋግረው አይኖርም፤ ቃሉን ይመርጣል፤ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል። በኋላም የቈጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም እየሰሙ ከስሕተቱም ከብልኃቱም ይማራሉ። እንግዲህ በቅኔ ቤት ብቸኝነቱ ለማፍለቅ፣ ጉባኤው ለመፈተን ያገለግላሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም።

ጉባኤው ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ደግሞ በቅርቡ ዘመን አይተናል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ከተገኘ ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከቤታቸው ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ በከተማም ብዙ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ስለ ከለከለ ተማሪው ትምህርቱን ቢያገኝም ጓደኛውን አላገኘም። ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ተማሪው ቢሳሳት አያርመውም፤ ቢጠይቀውም አይመልስለትም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ብዙዎች የተረዱት ነገር ቢኖር ትምህርት ቤት የመማሪያ ቦታ ብቻ ሳይሆን የመገናኛም ቦታ መሆኑን ነው።

ታዲያ በቤት የሚማሩ ልጆች ይህን መገናኛ ከየት ያገኙታል? ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በምሳሌ እንመልከተው። በአዲስ አበባ፣ በቦሌ አካባቢ በሚገኘው ሩዋንዳ በተባለው ሰፈር ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ አራት ቤተ ሰቦች አሉ እንበል። የመጀመሪያዪቱ እናት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሁለተኛው አባት ብዙ ዘመን በውጭ አገር ኖረው ስለ ተመለሱ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ የገዛ ልጆቻቸው ግን አማርኛ ይቸግራቸዋል። በሦስተኛው ቤት በጡረታ ላይ ያሉ አስተማሪ የነበሩ አያት አሉ። አራተኛው ቤት ሰፊ ግቢ አለው። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቢሆን አንዱ ሞልቶለት ሌላው ይጐድለዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ ልጆቹ በየቤታቸው ቢማሩ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በተራ በአንዱ ቤት ቢሰበሰቡ ግን የእናትዪቱ ሒሳብ፣ የአባትዬው እንግሊዝኛ፣ የአያትየው አማርኛና የአራተኛው ቤት ግቢ የሁሉም ይሆናሉ።

በጋራ የሚሠራ ትምህርት በብቻ ከሚሠራው የሚለይበትን ምክንያት በአንድ ሥራ ልናሳይ እንችላለን። አራቱ ቤቶች በክረምት ወራት በየግቢያቸው አንዳንድ የወተት ዱቄት ቈርቈሮ አስቀምጠው የአንድ ሌሊት ዝናብ ይለካሉ እንበል። በማግስቱ ሦስቱ ልጆች 12፣ 13 እና 12 ሚሊ ሜትር፣ አራተኛው ልጅ ግን 31 ሚሊ ሜትር አገኘን አሉ። አራተኛው ልጅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ 31 ብሎ ጽፎ፣ ትክክል ሠርቻለሁ ብሎ ደብተሩን በዘጋ ነበር። አሁን ግን «ዝናቡ በአንተ ቤት ለብቻው ወረደን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልጆቹ ሄደው ቢያዩ ቈርቈሮው የተቀመጠው ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ሆኖ ይገኛል። የአራቱ ልክ አማካይ 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተሳሳተው ሲወጣ ግን ወደ 12 ይወርዳል። ስለዚህ ልጆቹ የተማሩት ዝናብ መለካትን ብቻ አይደለም፤ ስሕተትን መፈለግንና ያለ ጠብ መከራከርንም ጭምር ነው።

የጋራው ትምህርት ከቤት ውጭም ሊቀጥል ይችላል። ቡድኑ በወር አንድ ጊዜ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ቢሄድ፣ አንዱ ልጅ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስለ ተገኘችው ስለ ድንቅነሽ፣ ሌላው ስለ ነገሥታት ቅርሶች አስቀድሞ አንብቦ በቦታው ለጓደኞቹ ያስረዳል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለንባብ ቀን ይመቻል። የእግር ኳስ ጨዋታ፣ መዝሙርና ተውኔት ደግሞ ያለ ቡድን ከቶ የማይሆኑ ነገሮች ናቸው።

ይሁንና መሰብሰብ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ቡድኑ ሥርዐት ከሌለው ወሬ ብቻ አውርቶ ይበተናል፤ ወይም አንዱ ጐበዝ ልጅ ሲሠራ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፤ ወይም የአንዲት እናት ትከሻ ብቻ ሸክሙን ይሸከማል። ስለዚህ እንደ ዕድር ሁሉ ደንብ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይለዋወጥ ይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ የተዘጋጀበትን ነገር ይዞ ይምጣ፤ ባዶ እጁን የመጣ ከወንፈሉ ምንም አያገኝም። ሦስተኛ፣ ማስተማሩም ሆነ ማስተናገዱ በተራ ይሁን። አራተኛ፣ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ያስተምሩ፤ ይህም ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ከዚህም ሌላ ወላጆች ልጆቻቸው ለፈተና የሚመዘገቡበትንና ማስረጃ የሚያገኙበትን መንገድ ቀደም ብለው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባቸዋል።

ይህ ሁሉ በመደበኛ ትምህርት ቤት የምትማሩትን እናንተንም ይመለከታል። ክረምት ሲገባ ለሁለት ወር ያህል እናንተም በቤት የምትማሩ ልጆች ትሆናላችሁ። በሰፈራችሁ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ድርሰት ይዞ በሳምንት ሁለት ቀን ብትገናኙ፣ መስከረም ሲጠባ ከዘነጋው ይልቅ የጨመረው የሚበልጥ ተማሪ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጉልበት ብቻ አይደለም፤ ለዕውቀትም ነው።

መልመጃ

1. በደቦና በወንፈል መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ። ጸሐፊው ለጋራ ትምህርት ወንፈልን የመረጠው ለምንድን ነው?
2. የቅኔ ቤቱ ምሳሌና የዝናብ ልኬቱ ምሳሌ የሚያስረዱት ሐሳብ አንድ ነው ወይስ የተለያየ? ምክንያታችሁን ስጡ።
3. «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «ከዚህም ሌላ» የሚሉትን አያያዥ ቃላት ከምንባቡ አውጡ፤ እያንዳንዱም ምን ዓይነት ዝምድና እንደሚያመለክት ግለጹ።
4. በሰፈራችሁ የክረምት የጥናት ቡድን ለማቋቋም የሚያስፈልጉትን ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚያስረዳ፣ ከ4 አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።