ሥራ ያጣ ወይስ ሥራ የጠላ?
በካማሺ ቆላ ስላለው የሥራ ክርክር አጭር ማብራሪያ

በአገራችን ስለ ሥራ ማጣት በሚደረገው ክርክር ሁለት ወገኖች ዘወትር ሲጋጠሙ እናያለን። አንደኛው ወገን «ሥራ የለም፤ መንግሥት ሥራ ይፍጠር» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሥራስ ሞልቷል፤ የጠፋው ሠሪ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ምሳሌ አያጡም። ነገር ግን ክርክሩ ወደ ካማሺ ሲወርድ ሁለተኛው ቃል ብቻውን ይቀራል፤ «የቆላው ሰው መሥራት አይወድም» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ በምን ላይ እንደ ቆመ መመርመር ነው።

ለጉዳዩ እንድናስብ ያደረገን አንድ ትንሽ ነገር ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት ስንማር ከቀትር በኋላ የአትክልት ሥራ ይታዘዝ ነበር። ከቆላ የመጣ አንድ ጓደኛችን ሁለት ቀን ሳይወጣ ቀረና በመዝገቡ ላይ «ሰነፍ» ተብሎ ተጻፈበት። በሦስተኛው ቀን ወባ እንደ ያዘው ታወቀ፤ መዝገቡ ግን አልታረመም። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን።

፩. ሥራ አጥ የሚባለው ማን ነው?

በዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት አቈጣጠር መሠረት አንድ ሰው ሥራ አጥ ለመባል ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል፤ እነርሱም ሥራ የሌለው መሆን፣ ለመሥራት ዝግጁ መሆንና ሥራ በመፈለግ ላይ መሆን ናቸው። የሥራ ገበያ ባልተስፋፋበት አገር ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ትርጉም ስለሌለው የአገራችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ይህን አላልቶ ሲቈጥር ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የሠራተኛ ኃይል ጥናት በመላ አገሪቱ የሥራ አጡ ቍጥር ከመቶ 8፣ በከተሞች ግን ከመቶ 18.7 ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በቍጥሩ ብቻ ከሄድን ሥራ ማጣት የከተማ በሽታ ይመስላል፤ ገጠሩ ሁሉ ሥራ አለውና።

ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የሥራ ስታቲስቲክስ ሊቃውንት በዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው አዲስ ትርጓሜ አወጡ። በዚህ ትርጓሜ መሠረት በዋናው ለቤተ ሰቡ ምግብ ብሎ የሚያርስ ሰው «ይሠራል» ይባላል እንጂ «ተቀጥሯል» ወይም «የሥራ መስክ አለው» አይባልም። አንባቢ ሆይ፣ የነገሩን ክብደት አስተውል። በካማሺ ዶማ ይዞ ማሽላና ዳጉሳ የሚያበቅል ገበሬ በአንዱ መዝገብ ሠራተኛ፣ በሌላው መዝገብ ያለ ሥራ መስክ ያለ ሰው ይሆናል። እርሱ ግን ከትናንት በስቲያ የቈፈረውን ያንኑ መሬት ዛሬም እየቈፈረ ነው። የተለወጠው የቈጣሪው መስፈሪያ ነው።

፪. ስለ ዶማው

ካማሺ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሚገኙት ዞኖች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ 101,543 ሰዎች ተቈጥረዋል። አገሩ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆ አጠገብ የተዘረጋ ሞቃት ቆላ ነው፤ ከቀድሞ ነዋሪዎቹም ብዙውን ቍጥር የሚይዘው የጉሙዝ ሕዝብ ነው።

ከደጋ የወረደ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው በሬ የሌለበትን እርሻ ነው። «ማረስ እንኳ አልለመዱም» ብሎም ይደመድማል። ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን ገንዲን ያገኛል። በዓባይ፣ በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች የሚኖረው የቆላ ዝንብ ለከብት የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ በሬን አመንምኖ ይገድላል። በሬ በማይቈይበት አገር ዶማ መያዝ ዕውቀት ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ደግሞም በዶማ የሚቈፈር መሬት በእጅ ጕልበት ልክ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የቆላው ገበሬ ደኑን መንጥሮና አቃጥሎ ጥቂት ዓመት ይዘራበታል፤ መሬቱ ሲደክም ያሳርፈውና ወደ ሌላ ይዛወራል። ለመንገደኛ ዓይን ያረፈው መሬት ጦም ያደረ፣ ባለቤቱም ሥራ የፈታ ይመስለዋል። በካርታ ላይም «ባዶ መሬት» ተብሎ ለባለ ሀብት ሊሰጥ ይችላል።

ከእርሻው ሌላ ማር መቍረጥ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ቀርከሃ መቍረጥና በበጋ ወራት በወንዝ ዳር ወርቅ ማጠብ አለ። ቀኑን ሙሉ እስከ ጕልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ አሸዋ በገበቴ የሚያጥብ ሰው ሥራ አይወድም ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። ሴቶቹም እንጨቱንና ውኃውን በትከሻቸው በተጋደመ ዘንግ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ይሸከማሉ፤ ይህን ሸክም የሚመዘግብ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

፫. የደመወዙ ሥራ ለምን ይቀራል?

የሁለተኛው ወገን ጠንካራ ማስረጃ ይህ ነው፦ ሰፋፊ እርሻ የያዙ ባለ ሀብቶች በደጃፍ ያለውን ሰው ትተው ከደጋ ሠራተኛ ያመጣሉ፤ ምክንያታቸውም የአገሬው ሰው አንድ ቀን መጥቶ በማግሥቱ ይቀራል የሚል ነው። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወራቱን ቍጥር አብረን እንመልከት። በቆላው ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ይዘንባል። አረም የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ባለ ሀብቱ አራሚ የሚፈልግበት ሳምንት ገበሬው የራሱን ማሽላ የሚያርምበት ሳምንት ነው። አዝመራውም የሚሰበሰበው አብሮ ነው፤ ወባ የሚበረታውም በዚያው ሰሞን ነው። የራሱን አረም ትቶ ለቀን ሙያተኛነት የሚሄድ ሰው ዛሬ ጥቂት ብር ያገኛል፤ በክረምት ግን ልጆቹ የሚበሉትን ያጣል። ስለዚህ መቅረቱ የሒሳብ ጕዳይ ነው። ከደጋ የሚመጣው ሠራተኛ ደግሞ በዚያ ሳምንት በቆላው የራሱ ማሳ ስለሌለው ሙሉ ቀን ሊቆም ይችላል። ልዩነቱ የትጋት ሳይሆን የማሳ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የታሪክ ነው። የጉሙዝ ሕዝብ በባሪያ ፈንጋዮች ብዙ ዘመን የተጠቃ ሕዝብ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ ፈጽሞ የሚከለክለውም አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጥቷል። አያቶቹ ሰው «ና ሥራልኝ» ሲላቸው ወደ ጫካ በመሸሽ የተረፉ ቤተ ሰብ ከሌላ ሰው እርሻ ላይ መሥራትን በጥርጣሬ ቢያይ የሚያስደንቅ አይደለም።

፬. «ሰነፍ» የሚለው ቃል በሌላ አገር

ይህ ክርክር በእኛ ብቻ የተጀመረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1834 እ.ኤ.አ. በወጣው የድኾች ሕግ ርዳታ የሚሻ ጤነኛ ሰው ወደ ሥራ ቤት እንዲገባ፣ በዚያም ኑሮው ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ተወሰነ። ድኽነት የፈቃድ ማነስ ነው ተብሎ ስለ ታመነ ነው። እንዲሁም በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት ቅኝ ገዢዎች አፍሪካዊው ለነጭ ሰፋሪ እርሻ አልቀጠርም ባለ ጊዜ ሰነፍ አሉት፤ ቀጥሎም በጎጆው ላይ ግብር ጣሉበት። ግብሩ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ስለ ነበር ገበሬው ማሳውን ትቶ ለመቀጠር ተገደደ። በሁለቱም ስፍራ «ስንፍና» የሚለው ቃል ከማስገደድ በፊት የሚሄድ መልእክተኛ ነበር።

በአገራችንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንንም በኃይል ማሠራትን ከልክሏል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ ዜጋው መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት እንዳለው፣ መንግሥትም የሥራ ዕድል የማስፋት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱ አንቀጾች አብረው ሲነበቡ ትርጉማቸው ግልጽ ነው፦ ሥራ መፍጠር የመንግሥት ዕዳ ነው፤ መምረጥ ግን የሰውዬው ነው።

፭. የእኛው ጥፋት

ለሁለተኛው ወገን ፍርድ እንዳናዛባበት የሚገባውን እንስጠው። መሥራት እየቻለ የሚቀመጥ ሰው የለም አንልም። በአዋጅ ቍጥር 995/2009 ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ሲመደብ በጎ አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ብድር የመመለስ ችግር በየስፍራው ተሰምቷል። ደግሞም ሥራን በመናቅ ከሁሉ የምንበልጠው የተማርነው ነን። ምሩቃን ድንጋይ ጠርበው በየከተማው መንገድ እንዲያነጥፉ በታሰበ ጊዜ የተነሣውን ክርክር እናስታውሳለን። አንዱ «ሥራ ክቡር ነው» አለ፤ ሌላው «ለዚህ ነውን የተማሩት?» አለ። ወንበር እስኪገኝ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ምሩቅ «ሥራ አጥ» ይባላል፤ ይታዘንለትማል። የራሱን ማሳ እያረመ ለሌላ ሰው አልቀጠርም ያለ ገበሬ ግን «ሰነፍ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትጋት ነው ወይስ የልብስ?

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አለመሆኑንም ካማሺ ራሷ ታስተምራለች። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም. አራት የዞኑ ባለ ሥልጣኖች በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በካማሺና በወለጋ አዋሳኝ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ሰዎች ቤታቸውንና ማሳቸውን ጥለው ተሰደዱ። በመጠለያ የተቀመጠ ገበሬ እርሻው ሳይታረስ ክረምቱ ሲያልፍበት ሥራ የጠላ ነው የሚለው ማን ነው? ሥራ ሰላምን ይፈልጋል፤ መንገድንም ይፈልጋል።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ገለጽነው አንድን ሰው ወይም አንድን ሕዝብ ሰነፍ ከማለታችን በፊት አራት ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው፦ ሥራው በየትኛው ወር ተሰጠው? በዚያ ወር የራሱ ሥራ ምን ነበር? ጤናውና መሣሪያው እንዴት ነበሩ? ከዚህ ቀደም ለሌላ በመሥራቱ ምን አተረፈ? እነዚህ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ የሚቀር ስንፍና ቢኖር ያን ጊዜ እንነጋገርበት። በእኛ ግምት ገንዲን የሚከላከል ሐኪም፣ ለወባ መድኃኒት፣ ከአረም ወራት ጋር የማይጋጭ ሥራና ያረፈን መሬት እንደ ባለቤት አልባ የማይቈጥር ሕግ ስለ ትጋት ከሚሰጥ ስብከት ይልቅ ብዙ እጅ ያሠራሉ።

ያ የትምህርት ቤታችን መዝገብ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። የጓደኛችን ስም ግን ያኔ እንደ ተጻፈው ሳይታረም ይኖር ይሆናል። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ነገ መዝገብ ያዥ እንሆናለንና ብዕሩን ከማንሣታችን በፊት ጠይቀን እንጻፍ።