እርጉዟን ማሰናበት ስንት ያስወጣል?

ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር «ገበያ ቀዝቅዟል» ተብላ የምትሰናበት የሱቅ ሠራተኛ በመርካቶም ሆነ በፒያሳ እንግዳ አይደለችም። ነጋዴ የሚግባባው በሒሳብ ነውና እኛም በሒሳብ እንነጋገር።

በወር 9,000 ብር የምታገኝ፣ ሦስት ዓመት ያገለገለች ቋሚ ገንዘብ ተቀባይ አለች እንበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይፈቅድላታል። ወጪው 36,000 ብር ግድም ነው።

ይህን ለማትረፍ ያሰናበታትስ? የአዋጁ አንቀጽ 26 እርግዝናን፣ ጾታን፣ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የአካል ጉዳትንም ጭምር ለስንብት ምክንያትነት አይቀበልም። ስለዚህ በአንቀጽ 43 መሠረት አሠሪው ወደ ሥራዋ ይመልሳታል፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንላት ይችላል። «አልመለስም» የማለት ምርጫም የእሷ እንጂ የእሱ አይደለም። ያኔ የ180 ቀን ካሳ 54,000፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ 18,000፣ የስንብት ክፍያ 15,000፣ ድምሩ 87,000 ብር! የጠበቃው ገና አልተነካም።

እርጉዝ ሠራተኛ ምንም ብታጠፋ አትነካም ማለት ግን አይደለም። ገንዘብ ያጎደለች እንደሆነ ጥፋቷ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይታያል። ችግሩ ጥፋቱ ከሆዷ ጋር አብሮ ሲወለድ ነው።

ደላሎችም ጆሮ ስጡ። «ያላገባች፣ ልጅ የሌላት» ብሎ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አሠሪው በገዛ እጁ የጻፈው ማስረጃ ነው። አካል ጉዳተኛን በሚመለከት ደግሞ ሸክሙ ይበረታል፤ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አድልዎ ተፈጸመብኝ ያለ አመልካች የማስረዳት ግዴታ የለበትም፤ አላደላሁም ብሎ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው።

ሠራተኛዋም ቀን ትቁጠር። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከስንብቱ ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የገንዘብ ጥያቄው የራሱ ሌላ ይርጋ አለው። ለአራስ ሦስት ወር ምን አላት? «ትንሽ ታገሺ፣ እንጠራሻለን» የሚላት አሠሪ ቀኑን እሱም እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።